«ባነር ስሩልኝ» ከማለት በፊት፦ ሕትመትና ታፔላ ለሚያዝ የጅማ ነጋዴ

«ባነር ስሩልኝ» ያለ ደንበኛ ለማተሚያ ቤቱ ገና ምንም አልነገረም። በዚህ ስም የሚጠሩ ቢያንስ አራት ዕቃዎች አሉ፦ ግድግዳ ላይ የሚወጠረው ተራ ፍሌክስ (የሚታተምበት የፕላስቲክ ሸራ)፣ ከኋላው አምፖል የሚበራለት ባክላይት፣ ከብረት ሳጥን ተስቦ የሚቆመው ሮልአፕ፣ በተጣመሩ ዘንጎች የሚወጠረው ኤክስ ባነር። ተራ ፍሌክስ ላይት ቦክስ (ውስጡ አምፖል ያለበት የታፔላ ሳጥን) ውስጥ ከገባ ቀን ያማረው ቀለም ማታ ይጠቁራል፤ አምፖሉ ያለበት ቦታ ብቻ ነጣ ነጣ እያለ ይታያል። ማሽኑ አልተበላሸም፣ የታዘዘው ዕቃ ነው ሌላ የሆነው። ስለዚህ ስታዝዙ አራት ነገር ተናገሩ፦ የዕቃውን ዓይነት፣ ልኩን፣ የሚሰቀልበትን ቦታና አጨራረሱን።

ልክ ሲነገር ወርድ ይቀድማል። «3 በ 1» ብቻ ተብሎ በተጋደመው ምትክ የቆመ ባነር ሲመጣ የሚከፍለው ብዙ ጊዜ ደንበኛው ነው። «ወርድ 3 ሜትር፣ ቁመት 1 ሜትር» በሉና በወረቀት አስጽፉ። ዋጋው በካሬ ስለሚታሰብ የጥቅሉን ስፋትም ጠይቁ። የማሽኑ ጥቅል 1.60 ሜትር ሆኖ እናንተ 1.70 ካላችሁ ወይ መሃሉ ላይ ስፌት ይመጣል፣ ወይ ከሰፊ ጥቅል ተቆርጦ የተረፈው እናንተው ላይ ይታሰባል። 10 ሴንቲ መቀነስ ይሻላል። አጨራረስ ላይ፣ በገመድ የሚታሰር ከሆነ «ጠርዙ ይታጠፍ፣ በየ50 ሴንቲው የብረት ቀለበት ይግባበት» በሉ፤ ቀለበቱ ጽሑፍ እንዳይበሳ ዙሪያውን 5 ሴንቲ ባዶ ተዉ። እንጨት ፍሬም ላይ የሚወጠር ከሆነ በየጎኑ 10 ሴንቲ ትርፍ ያስፈልጋል፤ አለዚያ ሠራተኛው የሚይዘው ያጣና ከንድፉ ይበላል።

ሮልአፕ አብዛኛውን ጊዜ 85 በ 200 ሴንቲ ነው። ከታች ያለው 10 ሴንቲ ያህል ሳጥኑ ውስጥ ስለሚቀር ስልክ ቁጥር እዚያ ማስቀመጥ ገንዘብ መጣል ነው። ስልኩን በቆመ ሰው ዓይን ትይዩ አድርጉት፤ ታችኛውን ክፍልማ ወንበርና እግር ይሸፍነዋል።

አሁን ብዙ ሥራ የሚበላሽበት ቦታ ላይ ደረስን፦ ፊደሉ። ፓወር ግዕዝን የመሳሰሉ የቆዩ ፎንቶች ፊደላችንን የሚያስቀምጡት በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ነው። ፋይሉ ያ ፎንት በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት «የጅማ ቡና» የሚለው ጽሑፍ ትርጉም የለሽ የላቲን ሆሄና ሥርዓተ ነጥብ ይሆናል። ለእያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል የራሱ ቦታ ባለው በዩኒኮድ ፎንት መጻፍ ይህን ያስቀራል። ለማተሚያ ቤት ከመላኩ በፊት ደግሞ ጽሑፉ ወደ ከርቭ (ፎንት ወደማይፈልግ የተሳለ ቅርጽ) ይቀየር፦ በንድፍ ፕሮግራሞቹ፣ ኮሬልድሮው ላይ ጽሑፉን መርጦ ኮንትሮልና ኪው መጫን፣ ኢሉስትሬተር ላይ ክሪኤት አውትላይንስ የሚለውን መምረጥ። ከርቭ የሆነ ጽሑፍ እንደ ሥዕል ስለሚቆጠር ፊደል ማረም አይቻልም፤ ያልተቀየረውን ፋይል ለብቻው አስቀምጡ።

ሌላው ቦልድ ነው። ኒያላና አቢሲኒካ የተባሉት ፎንቶች የራሳቸው ወፍራም ቅርጽ የላቸውም። ቦልድ ሲጫን ፕሮግራሙ ራሱ መስመሩን ስለሚያወፍረው የ«ሜ»፣ የ«ቤ»፣ የ«ሴ» ቀለበት ይደፈናል፤ ከሩቅ «ቤ»ና «ቢ» አይለዩም። ወፍራም ጽሑፍ ከፈለጋችሁ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን የመሰለ፣ ወፍራሙ ለብቻው የተሳለለት ፎንት ተጠቀሙ። በፕሎተር (ስቲከር በቢላዋ በሚቆርጥ ማሽን) ለሚቆረጥ የመስታወት ስቲከር ችግሩ ይብሳል፦ ከ2 ሚሊ የቀጠነ እግርና ትንንሽ ቀለበት ትርፉ ሲላጥ አብሮ ይነሳል።

የፊደል ቁመት በርቀት ይለካል። በተለምዶ ለ3 ሜትር ርቀት 2.5 ሴንቲ ይያዛል፤ መንገድ ተሻግሮ 15 ሜትር ላይ ለሚያነብ 12.5 ሴንቲ መሆኑ ነው። ይህ ስሌት የመጣው ከላቲን ፊደል ነው፤ የእኛ ፊደል የሚለየው በእግርና በቅጥል ስለሆነ ሲሶ ጨምሩበት፣ 16 ወይም 17 ሴንቲ አድርጉት። የጅማ ታፔላ ደግሞ ብዙ ጊዜ አፋን ኦሮሞም አማርኛም ይይዛል። ቁቤ አናባቢውንም ተነባቢውንም ስለሚደጋግም መስመሩ ይረዝማል። መጀመሪያ አማርኛውን አስፍቶ የተረፈው ቦታ ላይ አፋን ኦሮሞውን የሚያጨናንቅ ዲዛይነር ሥራውን ሁለቴ ይሠራል። ረጅሙን መስመር አስቀድማችሁ አስቀምጡ፣ አማርኛው ይከተላል። አንድ አናባቢ መጉደሉ ቃሉን ሊቀይረው ስለሚችል በቋንቋው አፉን የፈታ ሰው ያንብበው።

ፎቶ በቴሌግራም ሲላክ «ፋይል» ተብሎ ይላክ። «ፎቶ» ተብሎ ከተላከ ይጨመቅና ረጅሙ ጎኑ ብዙ ጊዜ ወደ 1280 ፒክስል ይወርዳል። በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ይህ 11 ሴንቲ እንኳን አይሞላም፤ ለማር ማሰሮ ስቲከር ይበቃ ይሆናል፣ ለኤ4 ፍላየር (በራሪ ወረቀት) ግን 2480 በ 3508 ፒክስል ያስፈልጋል። ባነር ከሩቅ ስለሚታይ 100 ዲፒአይ ይበቃዋል። ትንሹን ፎቶ ፎቶሾፕ ላይ የፒክስል ቁጥሩን በመጨመር ማሳደግ ብዥታውን ከማስፋት በቀር ጥቅም የለውም።

ስለ ቀለም በአጭሩ፦ ስክሪን በአርጂቢ (በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ ብርሃን) ያበራል፣ ማሽን በሲኤምዋይኬ (በሳያን፣ በማጀንታ፣ በቢጫና በጥቁር ቀለም) ያትማል። የስልክ ስክሪን ላይ የሚያበራ የቡና ቅጠል አረንጓዴ ወረቀት ላይ ደብዘዝ ብሎ ይወጣል፤ አስቀድማችሁ ወደ ሲኤምዋይኬ ቀይራችሁ ተመልከቱት። ትንሽ ጥቁር ጽሑፍ 100 በመቶ ኬ (ጥቁሩ ቀለም) ብቻ ይሁን። ከአራቱም ቀለም ከተሠራ ፕሌቶቹ (የየቀለሙ ማተሚያ ሰሌዳዎች) በጥቂቱ ሲዛነፉ ፊደሉ ጠርዙ ላይ ቀይና ሰማያዊ ጥላ ያበጃል።

ለሚቆረጥ ነገር ሁሉ 3 ሚሊ ብሊድ፣ ማለትም ከመቁረጫው መስመር ውጭ የሚያልፍ የጀርባ ቀለም ይጨመራል። 9 በ 5 ሴንቲ ቢዝነስ ካርድ ፋይሉ 96 በ 56 ሚሊ ይሆናል፤ ጽሑፉ ከመቁረጫው 5 ሚሊ ወደ ውስጥ ይግባ። ብሊድ ከሌለ ቢላዋው ግማሽ ሚሊ ሲስት ነጭ ክር ይታያል።

የቡና ከረጢት ላይ የሚለጠፍ ስቲከር ሲነደፍ ቫልቩ (ጋዝ የሚወጣበት ቀዳዳ) ያለበት ቦታ ይለካ። አዲስ የተቆላ ቡና ጋዝ ያወጣል፤ ቫልቩ ከተሸፈነ ከረጢቱ ይነፋል። ለማር ማሰሮ ደግሞ ቀጭን ወረቀት ዙሪያውን አዙራችሁ ምልክት አድርጉና ዘርግታችሁ በማስመሪያ ለኩ። ወደ ታች የሚጠብ ማሰሮ ላይ ቀጥ ያለ ረጅም ስቲከር መጨማደዱ አይቀርም፤ ወይ ከፊት ብቻ የሚለጠፍ አጭር አድርጉት፣ ወይ ቅስት ተደርጎ ይነደፍ። ከመለጠፉ በፊት የማሰሮው ብርጭቆ በአልኮል ይጠረግ፤ የማር ጠብታ የነካውን ቦታ ሙጫ አይዘውም። ስታዝዙም «ስቲከሩ ብቻ ይቆረጥ፣ የኋላው ወረቀት እንዳይበጠስ» በሉ፤ አንድ በአንድ የተበጣጠሰ ስቲከር ሲላጥ ጥፍር ይጨርሳል።

የሱቅ መስታወት ላይ ሰፊ ስቲከር በደረቁ አይለጠፍም። አንድ ሊትር ውኃ ላይ አምስት ስድስት ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ጨምራችሁ መስታወቱንም ሙጫውንም እርጩ፣ አስተካክሉ፣ ከዚያ ከመሃል ወደ ጠርዝ ውኃውን በፕላስቲክ ግፉ። ክረምት ላይ ይህን ከውስጥ በኩል መሥራት ይመረጣል፤ የጅማ ዝናብ ያልደረቀ ጠርዝ ካገኘ ከሥር ይገባል። ወረቀትም በዚያ ወቅት እርጥበት ስቦ ይጠቀለላል፤ የታተመ ፍላየር ከነላስቲኩ ይቀመጥ።

ብዛት ሲመጣ፦ ጥቂት መቶ ፍላየር በዲጂታል ይታተማል፣ ሺዎች ከሆኑ ኦፍሴት ይረክሳል። ኦፍሴት ለባለ ሙሉ ቀለም አራት ፕሌት ስለሚያወጣ 200 ቅጂም 2000 ቅጂም የፕሌቱ ወጪ ያው ነው። ሥራው አዲስ አበባ ሄዶ የሚታተም ከሆነ ለመልስ ጉዞው ቀን አስቡለት፣ ስህተት ቢገኝ ደግሞ ሌላ ዙር አለ። ስለዚህ ፕሌት ከመውጣቱ በፊት ናሙናውን በስልክ ሳይሆን በወረቀት አስወጥታችሁ፣ ስልክ ቁጥሩን አሃዝ በአሃዝ እየጠራችሁ አንብቡና ፈርሙበት።