«ሻለቃ» የሚለውን ማዕረግ በጽሑፍ ስለ መጠቀም

«ሻለቃ» የ«ሺ» እና የ«አለቃ» ጥምር ሲሆን፣ ከአሥር አለቃ፣ ከአምሳ አለቃና ከመቶ አለቃ ጋር የአንድ ቤተሰብ ቃል ነው፤ በዘጸአት ምዕራፍ 18 ሙሴ የሾማቸው አለቆችም በእነዚሁ አራት ቁጥሮች የተደለደሉ ናቸው። ይሁን እንጂ ቁጥሩን እንዳለ መውሰድ አይገባም። በዛሬው ሠራዊት ሻለቃ ከሻምበል በላይ፣ ከሌተና ኮሎኔል በታች ያለ መኮንን ነው፤ በዚሁ ስም የሚጠራው ጦርም አብዛኛውን ጊዜ ሺ አይሞላም።

ጸሐፊን ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳስተው፣ ቃሉ ሰውንም ጦርንም መጥራቱ ነው። «ሻለቃው ወንዙን ተሻገረ» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ያነበበ ሰው፣ የተሻገረው አንድ መኮንን ይሁን ብዙ መቶ ወታደር መለየት አይችልም። ስለዚህ መኮንኑን ስንል ስሙን አስከትለን ግሡን በአንቱታ «ተሻገሩ» እንበል፤ ጦሩን ስንል ደግሞ «ሻለቃ ጦሩ» ብለን እንጻፍ፣ ወይም «2ኛ ሻለቃ» እንደሚባለው ቁጥሩን እናስቀድም። «ሻምበል» ላይም ይኸው ጥንቃቄ ያስፈልጋል።

ማዕረግ የሚቀድመው የባለቤቱን ስም ነው። ሻለቃ ኃይሌ ገብረሥላሴ ሲያጥር «ሻለቃ ኃይሌ» ይሆናል እንጂ «ሻለቃ ገብረሥላሴ» አይባልም፤ ከውጭ ቋንቋ በተተረጎሙ ዜናዎች እንደሚታየው ማዕረጉን ለአባት መስጠት ያልተገባ ስሕተት ነው። «አቶ»ም ከማዕረግ ጋር አይደረብም።

ታሪክ የሚጽፍ ሰው ማዕረጉን ከዘመኑ ጋር ያስማማ። መንግሥቱ ኃይለማርያም በ1966 ዓ.ም. ደርግ ሲቋቋም ሻለቃ ነበሩ፤ ሌተና ኮሎኔል የሆኑት ከዚያ በኋላ ነው። የ1966ቱን ስብሰባ እየተረኩ «ኮሎኔል መንግሥቱ» ማለት አንባቢን ያሳስታል፤ አንድ ሻለቃ እንዴት ወደ ላይ እንደወጣ የሚያሳየውን ፍንጭም ያጠፋል።

በትርጉም ሥራ «ሜጀር» ብቻውን ሲመጣ ሻለቃ ነው፤ «ሜጀር ጄኔራል» ግን እንዳለ ይቀመጣል። «ካፒቴን» በምድር ጦር ሻምበል፣ በእግር ኳስ አምበል ሲሆን፣ በአውሮፕላን ግን ካፒቴን እንደሆነ ይቀራል።

ማሳጠር ካስፈለገ ሻለቃን «ሻ/ቃ»፣ ሻምበልን «ሻ/ል» ብሎ መለየት ይገባል፤ «ሻ/» ብቻ ከተጻፈ ሁለቱም ይመስላል።