ኮንትሮሉ ሲሞት፦ በዳፍኒያ የመርዛማነት ምርመራ የሚያጋጥሙ ችግሮችና መፍትሔያቸው

አንድ የኢንዱስትሪ ኬሚካል በውሃ ውስጥ በሚኖሩ ፍጥረታት ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ለመለካት በኦኢሲዲ (የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት) መመሪያ ቁጥር 202 መሠረት የ48 ሰዓቱን የዳፍኒያ (የውሃ ቁንጫ የምትባል ትንሽ የውሃ እንስሳ) ምርመራ የሚያካሂዱ ባለሙያዎች፣ ዕድሜያቸው ከ24 ሰዓት ያልበለጠ ግልገሎችን መለየትንና ለእያንዳንዱ የኬሚካል መጠን 20 ግልገል መመደብን አሳምረው ያውቁታል። ስለዚህ እሱን ትቼ በቀጥታ ወደ ብልሽቱ እገባለሁ።

ምልክት፦ ኬሚካል ያልገባበት ኮንትሮል ይሞታል

መመሪያው በኮንትሮል (ለማነጻጸሪያ በተቀመጠው ቡድን) ውስጥ መዋኘት ሲያቆሙ የሚታገሠው 10 በመቶውን ብቻ ስለሆነ፣ ከ20ዎቹ ሦስተኛዋ መዋኘት ካቆመች ምርመራው በሙሉ ውድቅ ነው። አዲስ አበባ፣ ሜክሲኮ አካባቢ በምሠራበት ላቦራቶሪ ይህ ሲደርስ ጥርጣሬው መጀመሪያ የሚያርፈው በእንስሳቱ ላይ ነው፤ «ዘሩ ደክሟል» ይባልና አዲስ ዘር ፍለጋ ይጀመራል። እኔ ግን ደጋግሜ ያገኘሁት ምክንያት በማቅጠኛው ውሃ (ኬሚካሉ በሚቀጥንበትና ግልገሎቹ በሚቀመጡበት ውሃ) ውስጥ የቀረ ክሎሪን ነው።

ይህን ከሁሉ አጥብቆ ያስተማረኝ ለቆዳ ሥራ በሚውለው ሶዲየም ሜታባይሰልፋይት ላይ ያደረግነው ምርመራ ነው። ውሃ ሦስት ቀን ጠፍቶ ከቆየ በኋላ እሑድ ማታ መጣ፤ ሰኞ ጠዋት ከዚያው ውሃ ቀድተን ጀመርን። ማክሰኞ ስገባ በኮንትሮሉ ቢከሮች ውስጥ ከነበሩት 20 ግልገሎች 11ዱ ከሥር ተኝተው ነበር። ቢከሩን ቀስ አድርጌ አወዛውዤ መመሪያው እንደሚያዘው 15 ሰከንድ ብጠብቅም አልዋኙም፤ በማጉያ መነጽር ሳያቸው ግን የአንዳንዶቹ ልብ ገና ይመታ ነበር። ዝቅተኛው የኬሚካል መጠን ባለባቸው ቢከሮች ውስጥ የነበሩት ደግሞ አንድም ሳይጎድል ይዋኙ ነበር። ሜታባይሰልፋይት ክሎሪንን ያመክናልና፣ መርዛማነቱን ልንለካ ያቀረብነው ኬሚካል እንስሳቱን ከእኛው ውሃ ጠብቋቸዋል። ኮንትሮሉ እየሞተ ዝቅተኛው መጠን የሚተርፍ ከሆነ ወደ ዘሩ መሄድ አያስፈልግም፤ ቀድሞ መታየት ያለበት ውሃው ነው።

ዋናው መፍትሔ ማቅጠኛውን ከቧንቧ ውሃ ማላቀቅ ነው። በአንድ ሊትር አዮን አልባ ውሃ 11.76 ግራም ካልሲየም ክሎራይድ ዳይሃይድሬት፣ በሌላ ሊትር 4.93 ግራም ማግኒዥየም ሰልፌት ሄፕታሃይድሬት፣ በሦስተኛው 2.59 ግራም ሶዲየም ባይካርቦኔት፣ በአራተኛው 0.23 ግራም ፖታሲየም ክሎራይድ ይሟሟል፤ ከዚያ ከአራቱም 25 ሚሊሊትር እየተወሰደ በአዮን አልባ ውሃ አንድ ሊትር እንዲሆን ይሞላል። የዚህ ውሃ ጠጣርነት (የካልሲየምና የማግኒዥየም መጠኑ) በሊትር 250 ሚሊግራም ገደማ ሲሆን፣ ይህም መመሪያው ከሚፈቅደው ከ140 እስከ 250 ባለው ወሰን ጫፍ ላይ ነው። በዚህ ምክንያት የካልሲየም ክሎራይዱ ዕቃ ላይ የተጻፈው ሳይነበብ መመዘን የለበትም፤ ውሃ አልባው ዓይነት በተመሳሳይ ክብደት ከተወሰደ ጠጣርነቱ ወሰኑን ያልፋል።

በቧንቧ ውሃ መሥራት ግድ ከሆነ ውሃው አፈ ሰፊ በሆነ ዕቃ ውስጥ አየር እየተነፋበት አንድ ሁለት ቀን ይቆይና ክሎሪን ሲያገኝ ቀለም በሚያወጣው በዲፒዲ ይፈተሽ። ጠብታው ላይ ሐምራዊ የሚመስል ቀላ ያለ ቀለም ከታየ ክሎሪኑ አልወጣም ማለት ነው። ለአንድ ሚሊግራም ክሎሪን 7 ሚሊግራም ያህል የሶዲየም ታዮሰልፌት ክሪስታል ይበቃል፤ በሚዛን ተመዝኖ እንጂ በማንኪያ ጫፍ ተገምቶ መጨመር የለበትም። የሚመረመረው ኬሚካል ራሱ ክሎሪን መሰል ኦክሲዳይዘር ከሆነ ወይም ብርና መዳብን የመሰለ ብረት ካለበት ግን ታዮሰልፌት ፈጽሞ አይጨመር፤ መርዙን ራሱን አመክኖ ኬሚካሉን ንጹሕ ያስመስለዋል።

ውሃው በትክክል ተዘጋጅቶም በማስቀመጫው ሊበላሽ ይችላል። አንድ ጊዜ በዲፒዲ ነጭ የወጣው ውሃ በማግሥቱ ቀለም አሳየ። ስንከታተለው ውሃው የተቀዳው ቀድሞ በረኪና በነበረበት ጄሪካን ውስጥ ነበር። ያጠበው ባልደረባችን ሦስት ጊዜ አለቅልቆታል፤ ሽታውም ጠፍቶ ነበር፤ ፕላስቲኩ ግን የጠጣውን ይዞ ቆይቷል። ለማቅጠኛ ውሃ የሚሆን ዕቃ አዲስ ይገዛ፣ ስም ይጻፍበት፣ ለሌላ ሥራ አይሰጥ። ከመርካቶ በርካሽ የሚገዛው ሽታው የሚከረፋ የጎማ ቱቦም ቢሆን ሊያገለግል አይገባም፤ ስሙና ደረጃው ያልተጻፈበትን ቱቦ አየር መንፊያ ላይ ሲገጥሙ ሳይ አዝናለሁ፤ በስንት ድካም የተዘጋጀ ውሃ በሃምሳ ሳንቲሜትር ጎማ ይበላሻል። የነሐስ መክፈቻም እንዲሁ መዳብ ይለቃል፤ ዳፍኒያ ደግሞ መዳብን በማይክሮግራም ደረጃ እንኳ አትችልም።

ምልክት፦ የኦክስጅን መለኪያው ሁልጊዜ ዝቅ ብሎ ያነባል

አየር በሚገባ የተነፋበት የ20 ዲግሪ ውሃ በባሕር ወለል ላይ በሊትር ወደ 9.1 ሚሊግራም ኦክስጅን ይይዛል። ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነችው አዲስ አበባ ግን የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ስለሆነ ከ7 ሚሊግራም በታች ነው። መለኪያው በአካባቢው ግፊት ሳይስተካከል ሲቀር «አየሩ አልደረሰም» ተብሎ ፓምፑ ይጠነክራል፤ አረፋው ግልገሎቹን ያንገላታል። ስለዚህ ፓምፑ ባለበት ይሁን፤ የሚስተካከለው መለኪያው ነው። ለዳፍኒያ መመሪያው የሚጠይቀው በምርመራው ማብቂያ ቢያንስ 3 ሚሊግራም ስለሆነ ከፍታው አያሰጋም። የዓሣው ምርመራ መስፈርት ግን በሙሌት መቶኛ (ውሃው ሊይዝ ከሚችለው ኦክስጅን ምን ያህል በመቶ እንደያዘ) የተቀመጠ በመሆኑ ስሌቱ በባሕር ወለል ቁጥር ከተሠራ ስሕተት ይሆናል።

ሌሎቹ

ግልገሎቹ በውሃው ገጽ ላይ ተንሳፍፈው ከቀሩ የፒፔቱ ጫፍ ከውሃው በላይ ሆኖ ተለቀዋል፤ ጫፉ ውሃ ውስጥ ገብቶ ይለቀቁ። በክረምት ሌሊት የክፍሉ ሙቀት ከ18 ዲግሪ በታች ይወርዳልና ቴርሞሜትሩ ጠዋት ሰው ከመግባቱ በፊት የነበረውን ዝቅተኛ ንባብ የሚይዝ ይሁን። ቀለም በሚመረመርበት የአልጌ ምርመራ ላይ የዕድገቱ መቀነስ መርዝ ሳይሆን የብርሃን መከለል ሊሆን ይችላል።

ውሃውም ዕቃውም ንጹሕ ሆኖ ኮንትሮሉ አሁንም ከወደቀ ያን ጊዜ ዘሩ ይፈተሽ። ለዘሩ መፈተሻ የሚያገለግለው ማመሳከሪያ ኬሚካል ፖታሲየም ዳይክሮሜት በ24 ሰዓት ውስጥ ግማሾቹን የሚያስቆምበት መጠን በሊትር ከ0.6 እስከ 2.1 ሚሊግራም ባለው መካከል ካልወደቀ፣ የተጠረጠረው ዘር በእርግጥ ይለወጣል።