የትልቅ ጉባኤ ፓስተርን የአገልግሎት ጉዞ እንዴት እንጻፍ? ከጎጃም ለሚጽፉ

የጎጃም የቅኔ ተማሪ ከደብር ወደ ደብር ሲዘዋወር አንድ ጥያቄ አብሮት ይዞራል፤ «ማን ዘንድ ተማርህ?» ይሉታል። ዋሸራ ነው፣ ጎንጅ ነው ወይስ ዋድላ? መልሱ የልጁን መንገድም፣ መምህሩንም፣ ሲሳሳት የሚያርመውንም ሰው ይናገራል። ስለ አንድ የትልቅ ጉባኤ ፓስተር ለመጻፍ ስትነሡም ከዚሁ ጥያቄ ጀምሩ። የባሕር ዳር ወይም የደብረ ማርቆስ አንባቢ ፓስተሩን በዩቲዩብ አይቷቸዋል፣ ድምፃቸውንም ይለያል። ማን እንደሾማቸው፣ ደመወዛቸውን ማን እንደሚወስን፣ ቢሳሳቱ ማን እንደሚያስቆማቸው ግን የሚነግረው አላገኘም።

መጀመሪያ ቁጥሩ

«ሜጋ ቸርች» የሚለው ስም ለማንኛውም ትልቅ አዳራሽ አይሰጥም። በአሜሪካ ጉዳዩን የሚያጠኑ ሰዎች የሚጠቀሙበት መለኪያ በሳምንት በአማካይ 2,000 ወይም ከዚያ በላይ ሰው የሚገኝበት የፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያን ነው። የሚቆጠረው በአካል የተገኘው ሰው ነው። የተመዘገበው አባል፣ የወንበሩ ብዛትና የፌስቡክ ተከታዩ ሌሎች ሦስት ቁጥሮች ናቸው፤ ቢሮው «አሥር ሺህ ነን» ሲላችሁ የትኛውን እንደሆነ ጠይቁ።

ራሳችሁም ቁጠሩ። አዳራሹ 30 ረድፍ፣ በየረድፉም 24 ወንበር ካለው የሚይዘው 720 ሰው ነው። በእሑድ ሁለት ፕሮግራም ካለ 1,440 ይሆናል፤ ይህም ሁለቱም ጢም ብለው ከሞሉ ነው። መዘምራንና አስተናጋጆች ሁለቱም ላይ ስለሚገኙ ሁለት ጊዜ እንዳትቆጥሯቸው። ቆጠራውን ከተጀመረ ከ40 ደቂቃ በኋላ አድርጉት፤ አርፋጁ ገብቶ፣ ቀድሞ የሚወጣው ገና ሳይነሣ ማለት ነው። የፋሲካን ወይም የእንግዳ ሰባኪን ሳምንት ትታችሁ ሦስት ተራ እሑዶችን ወስዳችሁ አማካዩን ያዙ።

በሜዳ ለሚደረግ ስብሰባ ሌላ ዘዴ አለ። ኸርበርት ጄኮብስ የተባሉ የበርክሌይ የጋዜጠኝነት መምህር በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያስተዋወቁት ስሌት ቦታውን በካሬ ሜትር ለክቶ በጥግግቱ ማባዛት ነው። ዘና ብሎ የቆመ ሕዝብ በአንድ ካሬ ሜትር አንድ ሰው ገደማ፣ ጠጋ ያለ ሁለት፣ እጅግ የተጣበቀ አራት ያህል ነው። 105 በ68 ሜትር የሆነ የእግር ኳስ ሜዳ 7,140 ካሬ ሜትር ስለሆነ ጠጋ ብሎ ቢቆም 14,000 ሰው ይይዛል። በዚህ ሜዳ «50,000 ሰው ዳነ» የሚል ፖስተር ካያችሁ በአንድ ካሬ ሜትር ሰባት ሰው ቆሟል ማለቱ ነው። ስሌታችሁን በጽሑፉ ውስጥ አሳዩ፤ አንባቢው ራሱ ይፈርዳል።

ዘመን አቆጣጠር

እዚህ ላይ የሚሠራው ስሕተት ብዙ ነው፣ መፍትሔው ግን ቀላል ነው። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 አካባቢ ከፈረንጁ ዓመት 7 ቀንሱ፤ ከዚያ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ግን 8 ቀንሱ። በደቡብ ኮሪያ ሴኡል የሚገኘው የዮይዶ ፉል ጎስፕል ቤተ ክርስቲያን መሥራች ዴቪድ ዮንጊ ቾ ያረፉት በሴፕቴምበር 14 ቀን 2021 ነው፤ በእኛ መስከረም 4 ቀን 2014 ዓ.ም. ይሆናል፤ በጭፍን 8 የቀነሰ 2013 ብሎ ይሳሳታል። የሂውስተኑ ሌክውድ ቸርች ቀድሞ የቅርጫት ኳስ ሜዳ ወደነበረው፣ 16,000 ያህል ሰው ወደሚይዘው አዳራሽ የገባው በጁላይ 2005 ነው፤ በእኛ ሐምሌ 1997 ዓ.ም. ነው። ወሩ ካልታወቀ «እ.ኤ.አ.» ብላችሁ እንዳለ ተዉት።

ማዕረግና ሹመት

«መጋቢ» በወንጌላውያን ዘንድ ፓስተር ማለት ነው። ለጎጃም ጆሮ ግን መጋቤ ሐዲስ፣ መጋቤ ብሉይ፣ መጋቤ ምሥጢር እያለ የሚሄድ የሊቃውንት ማዕረግ ነው። በመካነ ኢየሱስ ደግሞ የተቀባው አገልጋይ «ቄስ» ይባላል። ስለዚህ ማዕረጉ መጀመሪያ በተጠቀሰበት ቦታ የቤተ ክርስቲያኑን ስም አብራችሁ ጻፉ፣ ከዚያ በኋላ ማዕረጉ ብቻውን ይሄዳል። ነቢይና ሐዋርያ የሚሉትን «ራሳቸውን ነቢይ ብለው የሚጠሩት» ብላችሁ አትሸርድዱ፤ «ቤተ ክርስቲያናቸው ነቢይ ብሎ የሚጠራቸው» በቂ ነው፣ እውነትም ነው።

«ዶክተር» ከሆነ አራት ነገር ጠይቁ፦ የትኛው ተቋም፣ በየትኛው ዓመት፣ በምን ትምህርት፣ የመመረቂያ ጥናቱ ርእስ ምን ነበር። የክብር ዶክትሬት የሚያስነውር ነገር የለውም፤ የሚያስነውረው በትምህርት እንደተገኘ አድርጎ መጻፍ ነው። ትምህርት ያልጨረሰ ሰው ትልቅ ጉባኤ ሊመራ እንደሚችልም አትርሱ። የሌክውዱ ጆኤል ኦስቲን ኦራል ሮበርትስ ዩኒቨርሲቲ ገብተው ሳይመረቁ ወጥተው የአባታቸውን የቴሌቪዥን ሥርጭት ለ17 ዓመታት ከካሜራው ጀርባ ሆነው ሠርተዋል፤ መድረኩን የያዙት አባታቸው በጥር 1991 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ ነው። ይህን የሚያውቅ አንባቢ ሥርጭቱ ለምን እንደዚያ የጠራ እንደሆነ ይገባዋል። ለእናንተም ፓስተር ተመሳሳይ ጥያቄ አለ፤ መድረክ ከመውጣታቸው በፊት ያሉት ዓመታት የት ዋሉ? የሱንዴይ ስኩል መምህር፣ ዘማሪ፣ ነጋዴ፣ መምህር ነበሩ? የጉዞው ሥር ያለው እዚያ ነው፤ ብዙ ጸሐፊ ግን በአንድ ዐረፍተ ነገር ይዘለዋል።

በጎጃም የሚያሰናክሉ ቃላት

ይህኛው ላይ እንቆይ። የወንጌላውያን ሰው «ፓስተሩ ቅብዐት አለባቸው» ሲል በመንፈስ ቅዱስ ኃይል ያገለግላሉ ማለቱ ነው። በጎጃም ግን «ቅብዐት» ለዘመናት ሲያከራክር የኖረ የነገረ ሃይማኖት ወገን ስም ነው፤ ክርክሩ በ1870 ዓ.ም. በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ዘመን በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ለተዋሕዶ ከተፈረደ በኋላም ስሙ ከሰው አፍ አልጠፋም። የመርጡለ ማርያም ወይም የቢቸና አንባቢ ያንን ዐረፍተ ነገር ሲያነብ ፓስተሩ የቅብዐት ባህል ተከታይ ናቸው ብሎ ቢረዳ አይፈረድበትም። «ጸጋ»ም የዚያው ክርክር ሌላ ወገን ስም ነው። በራሳችሁ ቃል ስትጽፉ «በመንፈስ ቅዱስ ኃይል እንደሚያገለግሉ ተከታዮቻቸው ያምናሉ» በሉ። ከሰው አፍ የተወሰደ ከሆነ ግን ቃሉን ሳትነኩ በጥቅስ አስቀምጡና ትርጉሙን አስከትሉ።

«ተሐድሶ»ም እንዲሁ ነው። ተናጋሪው መንፈሳዊ መነቃቃት ማለቱ ሊሆን ይችላል፤ የኦርቶዶክስ አንባቢ የሚሰማው ቤተ ክርስቲያኑን ከውስጥ ሊለውጥ የገባ እንቅስቃሴን ነው። መነቃቃት ከሆነ መነቃቃት በሉት። «ቅዳሴ» ሳይሆን «የእሑድ አምልኮ»፣ «ዐውደ ምሕረት» ሳይሆን «መድረክ» ጻፉ። «ጴንጤ» እና «መናፍቅ» በእናንተ ቃል በፍጹም አይግቡ። በአንድ ቀበሌ፣ በአንድ ዕድር የሚኖሩ ጎረቤቶች ናቸው ጽሑፉን የሚያነቡት፤ አንዷ ልጇ እዚያ አዳራሽ የሚሄድ እናት ትሆናለች። የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ ሥርጭትን ለመከላከል የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 መኖሩንም አስታውሱ፤ የሌላ ሰው የጥላቻ ንግግር መልሶ ማሰራጨትም ሊያስጠይቅ ይችላል።

ማን ያስቆማቸዋል? ማን ይከፍላቸዋል?

የጽሑፉ አጥንት ይህ ነው። የሽማግሌዎች ቦርድ ካለ ስንት ናቸው፣ ማን መረጣቸው፣ ስንቱ የፓስተሩ ዘመድ ወይም ተቀጣሪ ነው? የባንክ ሒሳቡ ላይ የሚፈርሙት እነማን ናቸው? ኦዲት የሚያደርገው የውጭ ሰው ነው? አዳራሹና መኪናው በማን ስም ነው? አሥራት፣ መባ፣ የመጽሐፍና የሲዲ ሽያጭ፣ ከውጭ ጉዞ የሚገኝ ስጦታ የተለያዩ ገቢዎች ናቸው፤ የግላቸውና የቤተ ክርስቲያኑ የሚለያየው የት ላይ እንደሆነ በአንድ ወረቀት ላይ በሁለት ዓምድ ጽፋችሁ ባዶ የቀረውን ጠይቁ። የአሜሪካው የሳድልባክ ቤተ ክርስቲያን መሥራች ሪክ ዋረን ከመጽሐፋቸው ገቢ ሲያገኙ የ25 ዓመት ደመወዛቸውን ለቤተ ክርስቲያናቸው እንደመለሱ ተናግረዋል፤ እንዲህ ያለ ነገር ሲነገራችሁ «ተናግረዋል» ብላችሁ ጻፉ፣ ሰነዱን ስታዩ ደግሞ «ሰነዱ ያሳያል»።

ጥያቄው ለምን እንደሚያስፈልግ ከሌላ አገር የታየውን እዩ። ቾ በ1950 ዓ.ም. በጥቂት ሰዎች የጀመሩት ጉባኤ በዓለም ትልቁ እስከመባል ደርሷል፤ በየካቲት 2006 ዓ.ም. ግን ቤተ ክርስቲያኑ የልጃቸውን አክሲዮን ከገበያ ዋጋ በላይ እንዲገዛ በማድረግ 13 ቢሊዮን የኮሪያ ዎን ገደማ አሳጥተዋል ተብለው የሴኡል ፍርድ ቤት የሦስት ዓመት የገደብ እስራት ፈርዶባቸዋል። በአሜሪካ ማርስ ሂል የተባለው በብዙ ከተሞች የሚሰበሰብ ጉባኤ ፓስተሩ ማርክ ድሪስኮል በጥቅምት 2007 ዓ.ም. ከለቀቁ በኋላ በወራት ውስጥ ፈረሰ። ዊሎው ክሪክ በተባለው ሌላ የአሜሪካ ጉባኤ ደግሞ መሥራቹ ፓስተር ቢል ሃይበልስ በ2018 (እ.ኤ.አ.) በሴቶች ላይ ፈጽመዋል በተባለው ክስ ምክንያት ሲለቁ፣ ነገሩን በአግባቡ አልያዘም የተባለው የሽማግሌዎች ቦርድ በዚያው ዓመት ሙሉ በሙሉ ሥልጣኑን ለቀቀ። እነዚህን የምትጠቅሱት የእናንተን ፓስተር በነሱ ጥላ ለመክሰስ አይደለም፤ ለራሳችሁ ጥያቄ መሣሪያ እንዲሆኑ ነው። በጽሑፉ ውስጥ ባይገቡ ይሻላል።

በአገራችን ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በአዋጅ የተቋቋመ የኢትዮጵያ ወንጌል አማኞች አብያተ ክርስቲያናት ካውንስል አለ። ቤተ ክርስቲያኑ በዚያ ውስጥ አባል መሆን አለመሆኑን ጠይቁ።

የፈውስ ምስክርነት

አንድ ሰው ተፈወስኩ ካለ የቀድሞውንና የኋላውን የሐኪም ማስረጃ በራሱ ፈቃድ ካላየን «ተፈወስኩ ብለዋል» ከሚለው አናልፍም። የፀረ ኤች አይ ቪ፣ የስኳር ወይም የሚጥል በሽታ መድኃኒት እንዲቆም የተነገረ ከሆነ ግን ይህ የጽሑፉ መጨረሻ ላይ የሚጣል ነገር አይደለም፤ ከላይ ይግባ፣ መድኃኒት ማቋረጥ ምን እንደሚያስከትልም ከጤና ባለሙያ ጠይቃችሁ አብራችሁ አውጡ። የታማሚውን ስምና ፊት ደብቁ።

ስብከቱን መስማትና ቃለ መጠይቁ

ከቃለ መጠይቁ በፊት ሦስት ሙሉ ስብከቶች ስሙ፦ አንድ የቆየ፣ አንድ ገንዘብ የተሰበሰበበት፣ አንድ የቅርብ ተራ እሑድ። ሁለት ደቂቃ ተቆርጦ በቲክቶክ የሚዞረው አይበቃም፤ «አለ» የተባለው ነገር ብዙ ጊዜ ፓስተሩ የሌላውን ሐሳብ ሲጠቅሱ የተቆረጠ ነው። የምትጠቅሱት ቃል የሚገኝበትን ደቂቃ ጻፉ። የአንድ ሰዓት ስብከት ቃል በቃል መገልበጥ ከአራት ሰዓት ያላነሰ ይፈጃል፤ የምትፈልጉትን ክፍል ብቻ ገልብጡ። ኔትወርክ የሚቋረጥበት አካባቢ ከሆናችሁ አስቀድማችሁ አውርዱት፤ ቪዲዮ ሊሰረዝም ይችላል።

ቀጠሮ በቢሮው በኩል ያዙ። አንቱ እያላችሁ ጀምሩ፣ እስከ መጨረሻው አንቱ በሉ፤ ጽሑፉም በአንቱታ ይሁን፣ ከባድ ነገር የምትጽፉበትም አንቀጽ ጭምር። በሁለት ስልክ ቅዱ፣ ፈቃድ ስትጠይቁም ድምፁ ይቀዳ። ቀላሉን አስቀድሙ፤ የትውልድ ቦታ፣ ወላጆች፣ እምነት የጀመሩበት ጊዜ። መሐል ላይ «ማን ሾመዎት?»፣ ወደ መጨረሻው «ደመወዝዎን የሚወስነው ማን ነው?» እና «ቢሳሳቱ የሚያስቆምዎት ማን ነው?» በሉ። «እግዚአብሔር» የሚል መልስ ከመጣ አክብራችሁ ጻፉትና «ከሰውስ?» ብላችሁ ዝም በሉ። ዝምታውን አትሙሉት።

ከእሳቸው ሌላ ቢያንስ ሦስት ሰው አነጋግሩ፦ የቆየ አባል፣ ወጥቶ የሄደ አባል፣ የአዳራሹ ጎረቤት። የወጣው ሰው ቂም ሊኖረው ይችላል፣ የቆየው ደግሞ ፍርሃት፤ በሰነድ ወይም በሁለተኛ ሰው ያልተደገፈ ክስ አይታተም። ክስ ካለ ዝርዝሩን በጽሑፍ ላኩላቸው፣ መልስ ለመስጠት ቢያንስ ሁለት የሥራ ቀን ስጡ፣ መልሱንም ክሱ ባለበት አንቀጽ ውስጥ አስገቡት። ከታተመ በኋላ ስሕተት ከተገኘ የቀድሞው ዐረፍተ ነገር ምን ይል እንደነበርና በየትኛው ቀን እንደታረመ ከርእሱ ሥር ይጻፍ።