ጭቃ መሳይ ሁሉ ሼል አይደለም

ጅማ ዞን፣ ደልቢ ሞዬ ላይ ከከሰሉ ጋር ተነባብረው ያሉትን ድንጋዮች የሚመዘግብ ጀማሪ፣ ደብተሩን ከላይ እስከ ታች «ሼል፣ ሼል፣ ሼል» ብሎ ይሞላዋል። ግራጫ ከሆነና እጅ ላይ ከለሰለሰ፣ በቃ ሼል! ሼል የሚባለው ግን ከደቃቅ ጭቃ ከጠነከሩት ድንጋዮች መካከል በንብብሩ አቅጣጫ በስሱ እየተላጠ የሚሰነጠቀው ብቻ ነው። በመዶሻ ሲመታ ጓል ጓል ሆኖ የሚፈረካከሰው መድስቶን ነው። ልዩነቱም የሚታየው አዲስ በተሰበረ ድንጋይ ላይ ነው። ፀሐይና ዝናብ የተፈራረቀበት መድስቶን ይላጣል፤ የቁፋሮ ኮርም (መሰርሰሪያው የሚያወጣው የድንጋይ ዘንግ) ሳጥን ውስጥ ሲደርቅ እንደዚያው ይሰነጣጠቅና ሼል ይመስላል። ኮሩን እንደወጣ መዝግቡት፤ ናሙናውን በዚያው ዕለት በላስቲክ ጠቅልሉት።

ቅንጣቱን በዓይን መገመትም አያዋጣም። የሸክላ ቅንጣት ከ0.004 ሚሊሜትር ያንሳል፤ ከዚያ በላይ እስከ 0.06 ያለው ሲልት ነው። ባለ 10 እጥፍ የእጅ ሌንስም ደቃቁን ሲልት ከሸክላ አይለይም። ጥርስ ይለያል። ከንጹሕ ስባሪ ጥቂት ፍቃችሁ በፊት ጥርስ ፍጩት፦ እንጀራ ውስጥ እንደገባ አሸዋ ኮሽ ካለ ሲልት አለበት፤ እንደ ቅቤ ከሟሟ ሸክላው በዝቷል። ከማይላጡት መካከል ሲልቱ ከሁለት ሦስተኛ ካለፈ ሲልትስቶን፣ ሸክላው ካለፈ ክሌይስቶን፣ መሃል ላይ ያለው መድስቶን ይባላል።

ጅማ ላይ ከሁሉ የሚያሳስተው ግን የበሰበሰ ባዛልት (ላቫ ቀዝቅዞ የሚሆነው ድንጋይ) ነው። መንገድ የተቆረሰበት ቦታ ላይ ቀይ ወይም ሐምራዊ ሆኖ፣ በቢላ እየተቆረጠ፣ ጥርስ ላይም እየለሰለሰ ክሌይስቶን ይመስላል። ስም ከመስጠታችሁ በፊት ግድግዳውን ራቅ ብላችሁ እዩት። እንደ ሽንኩርት እየተላጠ መሃሉ ላይ ጠንካራ ድቡልቡል ከቀረ ባዛልት ነው። ቀረብ ብላችሁ ደግሞ ፌልድስፓር የሚባለውን ማዕድን ነጫጭ ነጠብጣብ ወይም የጋዝ ቀዳዳ ፈልጉ። ንብብር የሌለው፣ የሥር ፈለግ ያለበት፣ ላዩ ተቃጥሎ የቀላ ከሆነ ደግሞ በሁለት የላቫ ፍሰት መካከል የተቀበረ ጥንታዊ አፈር ነው።

ድንጋዩ ኖራማ መሆኑን ለማየት አሲድ (10 በመቶ ሃይድሮክሎሪክ) ስትጠቀሙ፣ ድንጋዩን በሚያቋርጥ ነጭ የማዕድን መስመር ላይ አታንጠባጥቡ፤ የሚፈላው መስመሩን የሞላው ካልሳይት እንጂ ድንጋዩ አይደለም።

ጥቁር ሁሉም ዘይት ያለው ሼል አይደለም። እንደ ወረቀት የሳሳ ፍቅፋቂ ላይ ክብሪት ለኩሱ፦ እየጨሰ ከነደደና የነዳጅ ሽታ ከሰጠ ጠርጥሩት፤ ካልነደደ፣ የሚላጠውን «ጥቁር ሼል»፣ የማይላጠውን «ጥቁር መድስቶን» ብላችሁ እለፉ።