መሣሪያ ቀይሮ ሲመለስ ጆንያ የሚጥል ሮቦት፦ ችግሩና መፍትሄው

ይህን የምጽፈው ጎንደርና አካባቢው ላይ ባዶ ጆንያ በመምጠጫ ጎማ፣ የተሞላውን ደግሞ በመቆንጠጫ የሚያነሳ፣ በመካከል መሣሪያውን ራሱ የሚቀያይር የሮቦት ክንድ ለሚያንቀሳቅሱ ባለሙያዎች ነው። ኮምፕረሰሩ መነሳቱን፣ አየሩ 6 ባር መድረሱን፣ የአደጋ ማቆሚያው መለቀቁን አይታችኋል ብዬ እጀምራለሁ።

ምልክቱ እንዲህ ነው። ክንዱ መቆንጠጫውን ማስቀመጫው ላይ ይተውና የመምጠጫውን መሣሪያ ያነሳል። ሴንሰሩ «ተቆልፏል» ይላል። ጆንያውን ይነካል፣ ከፍ ያደርጋል፣ መንገድ ላይ ይጥለዋል። ወይም ከነጭራሹ ሳያነሳው «ቫኪዩም አልሞላም» (አየሩ በበቂ አልተመጠጠም ማለት ነው) ብሎ ይቆማል። ኦፕሬተሩ ወዲያው «ጋሼ፣ ጎማው አልቋል» ይለኛል። ጎማው ብዙ ጊዜ ምንም አልሆነም። በየመጋዘኑ ገና ያላረጁ፣ ያለ ጥፋታቸው የተጣሉ ጎማዎች በካርቶን ሞልተው አይቻለሁ።

ምንም ነገር ሳትፈቱ አንድ ሙከራ አድርጉ። ክንዱን በእጅ መቆጣጠሪያና በዝቅተኛ ፍጥነት አምጥታችሁ ጎማዎቹን መስታወት ወይም ለስላሳ ላሜራ ላይ አሳርፉ፤ ቫኪዩሙን ክፈቱና ጌጁን አንብቡ። በጆንያ ላይ አትሞክሩ። ሰው «ማዳበሪያ» የሚለው የፕላስቲክ ጆንያ ሽመናው ራሱ አየር ያስገባል፤ የሚሰጣችሁ ንባብ የጆንያው ይሁን የማሽኑ አይለይም።

ጌጁ 0.6 ወይም 0.65 ባር ላይ ረግቶ ከቆመ የተበላሸ ነገር የለም። የተሳሳተው ማስተካከያው ነው። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር ከፍ ትላለች፤ እዚህ የከባቢ አየር ግፊት 0.78 ባር ገደማ ነው፣ ባሕር ዳርቻ ላይ ግን 1.01 ነው። ቫኪዩም የሚያመነጨው ኤጀክተር ከባቢው የሚሰጠውን አየር እንጂ ከዚያ በላይ መምጠጥ አይችልም። ከከባቢው ግፊት 85 በመቶውን የሚያወጣ ጥሩ ኤጀክተር እዚህ የሚደርሰው 0.66 ላይ ነው። የመመሪያው መጽሐፍ ግን «ቫኪዩሙ ሞልቷል የሚለውን ማብሪያ 0.7 ላይ አስተካክሉ» ይላል፤ የጻፉት ሰዎች አዘዞን አያውቁም። አንድ ቦታ ሦስት ኤጀክተር ተራ በተራ ከተቀየረ በኋላ ተጠራሁ። ሦስቱም ደኅና ነበሩ። ማብሪያውን 0.5 ላይ አወረድሁት፤ ሥራው በአምስት ደቂቃ አለቀ፣ የኤጀክተሮቹ ዋጋ ግን አልተመለሰም። አንድ ነገር ግን አትርሱ፦ የመያዝ ኃይሉ በእውነት ወርዷል። 40 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ጎማ በ0.85 ባር 107 ኒውተን ያህል ቢይዝ በ0.6 የሚይዘው 75 ነው። ስሌቱን ከመጽሐፉ የገለበጣችሁ ከሆነ ጎማ ጨምሩ።

ጌጁ 0.3 ወይም 0.4 ላይ ከቀረ፣ ወይም ከተወዛወዘ፣ አየር ይገባል ማለት ነው። ሌላ መሣሪያ አስነሱና ድገሙት። ሁለተኛውም ካፈሰሰ ጥፋቱ በክንዱ ፕሌት (መሣሪያው በሚገጥምበት ጠፍጣፋ ብረት) በኩል ነው፤ አንዱ ብቻ ካፈሰሰ በራሱ በመሣሪያው። በሁለቱም መንገድ ደጋግሜ የማገኘው አንድ ቦታ ነው፦ የክንዱና የመሣሪያው ፕሌቶች የሚገጥሙበት ፊት፣ አየር በሚያልፍበት ቀዳዳ ዙሪያ ያለው ኦሪንግ (አየር እንዳይገባ የሚያሽገው የጎማ ቀለበት)።

ኦሪንጉ በእያንዳንዱ ቅየራ ይጨፈለቃል። መሣሪያው ማስቀመጫው ላይ ፊቱን ወደ ላይ ክፍት አድርጎ ሲቆይ ደግሞ የጆንያ ክር፣ የሰሊጥ ገለባ፣ አቧራ ያርፍበታል። ሰሊጡ ሲጨፈለቅ ዘይት ያወጣል፤ ዘይቱ ክሩን እንደ ሙጫ ይይዘዋል። ኦሪንጉን አቋርጦ የተኛ አንድ ፀጉር የሚያህል ክር ቫኪዩሙን ሊጥል ይበቃል። ዓይናችሁ ላያየው ይችላል፤ ጣታችሁን ዙሪያውን አሂዱት፣ ያኔ ታገኙታላችሁ።

በንጹሕ፣ ክር በማይለቅ ጨርቅ ጥረጉት። በጥጥ አትጥረጉ፣ እሱ ራሱ ክር ይተዋል። በሽቦ ብሩሽ አትንኩት። በአየርም አትንፉት፤ ቆሻሻውን ቀዳዳው ውስጥ ትከቱና ከዚያ የኤጀክተሩን ማርሚታ (የድምፅ ማፈኛ) ትደፍናላችሁ። ለማስቀመጫው ክዳን ሥሩለት፤ ከላሜራ የተሠራ፣ ክንዱ ሲመጣ የሚከፈት ተራ ክዳን ይበቃል።

ኦሪንጉ ከተሰነጠቀ ወይም ጠፍጣፋ ከሆነ ቀይሩት፤ ናይትሪል የሚባለውን ዓይነት፣ ውፍረቱን ለክታችሁ። «ይሆናል» ብሎ መግዛት ያስከተለውን ልንገራችሁ። አንድ ፋብሪካ ውስጥ የመኪና ፍሬን ጎማ ተቆርጦ በኦሪንግ ቦታ ገብቶ አገኘሁ። የፍሬን ጎማ የተሠራው ለፍሬን ዘይት ነው፤ ግሪስ ሲነካው እንደ ተዘፈዘፈ ባቄላ አበጠ። ሁለቱ ፕሌቶች ሙሉ በሙሉ መግጠም አልቻሉም፤ መሣሪያውን የሚይዙት የብረት ኳሶችም ጎድጓዳ ቦታቸው ላይ በግማሽ ብቻ ተቀመጡ። ሴንሰሩ አንዳንዴ ይበራል፣ አንዳንዴ ይጠፋል። ሰዎቹ ምን አደረጉ? ሴንሰሩን ወደፊት ገፍተው ሁልጊዜ እንዲበራ አደረጉት! ከዚያ በኋላ መሣሪያው በሰው ላይ አለመውደቁ ዕድል ነው። ሌላ ቦታ ደግሞ ከጎማ ገመድ ተቆርጦ በሱፐር ግሉ የተቀጠለ ኦሪንግ ነበር፤ መገጣጠሚያው እንደ ድንጋይ ይደርቃል፣ የሚያፈስሰውም እዚያው ላይ ነው።

የአየሩን ግፊት ወደ 8 ባር ከፍ አድርጎ ማለፍም የተለመደ ነው። ኤጀክተር የሚስማማው ግፊት አለው፤ ከዚያ ካለፈ ቫኪዩሙ አይጨምርም፣ አየር ብቻ ይበላል፣ ኮምፕረሰሩም አያርፍም።

ለጨርቅ የምትሠሩ፦ ጋቢን በመምጠጫ ጎማ ለማንሳት አትታገሉ። በመርፌ የሚይዘውን መሣሪያ ተጠቀሙ። ቆዳ ላይ ግን አትሞክሩት፣ ቀዳዳው ይቀራል።

አልፎ አልፎ የሚያጋጥሙ፦ የኤሌክትሪክ ፒን ተጣብቆ አለመመለስ፣ በአልኮል ይጸዳል (አረቄ ማለቴ አይደለም፣ ተሞክሮ አይቻለሁ)። ማስቀመጫው ተገጭቶ ቦታ መልቀቅ፣ ሲገጥም ድምፅ ያሰማል፣ የማስቀመጫውን ነጥብ ለክንዱ እንደገና አስተምሩት። በክረምት በአየሩ ውስጥ ውሃ፣ ታንኩን በየማለዳው አፍስሱ።

አንዱን ግን ዛሬውኑ እዩ። መብራት ሲጠፋ መሣሪያውን የሚቆልፈውና የሚከፍተው የአየር ቫልቭ ወዴት ይመለሳል? አንድ የኤሌክትሪክ ጥቅል (ኮይል) እና ስፕሪንግ ብቻ ያለው ከሆነ፣ ስፕሪንጉም ወደ መክፈት የሚመልሰው ከሆነ፣ መብራት በጠፋ ቁጥር መሣሪያው ይለቀቃል። ሁለት ጥቅል ያለው፣ ባለበት የሚቆይ ቫልቭ ግጠሙ። ሙከራውን መሣሪያው ማስቀመጫው ላይ እንዳለ አድርጉ እንጂ አየር ላይ ተንጠልጥሎ አይሁን።

ስትጨርሱ ሃያ ጊዜ አቀያይሩት፤ ከዚያ መስታወቱ ላይ ያነበባችሁትን ቁጥር ፕላስተር ላይ ጽፋችሁ መሣሪያው ላይ ለጥፉ። ንባቡ ከዚያ በ0.05 ባር ሲወርድ ጎማ ከመግዛታችሁ በፊት ኦሪንጉን እዩ።