ጠዋት እየሠራ ምሳ ሰዓት ላይ የሚሞት የበርገር ቤት ዋይፋይ

የበርገር ቤቱ ባለቤትና ኢንተርኔት አቅራቢው ተጨባብጠው ፎቶ ይነሳሉ። በሩ ላይ «በርገርና ነጻ ዋይፋይ» የሚል ወረቀት ይለጠፋል። ከዚያ ለመኖሪያ ቤት የተሠራች ራውተር ከካሸሩ ጀርባ ከኬቻፕ ካርቶን ሥር ትወሸቃለች። እኔ የኔትወርክ ጥገና ሠራተኛው የምጠራው ከዚህ በኋላ ነው። ሶኬቱን፣ ፓስወርዱንና የመስመሩን ክፍያ አይታችኋል ብዬ ልለፍ።

ምልክት፦ አዲስ የመጣ ደንበኛ «አይፒ አድራሻ በማግኘት ላይ» እንዳለ ይቀራል፤ ቀድሞ የገባው አጠገቡ ተቀምጦ ቪዲዮ ያያል

አብዛኛው ጥሪዬ ይኸው ነው። መንስኤው የፍጥነት ማነስ አይደለም፤ አድራሻ አልቋል።

ራውተሩ ለገባው ስልክ ሁሉ፣ ዲኤችሲፒ በሚባል አሠራር፣ ለእያንዳንዱ አንድ የአድራሻ ቁጥር (አይፒ) ያድላል። ከፋብሪካ ሲወጡ ከ192.168.1.100 እስከ 149፣ ማለትም 50 ቁጥር ብቻ፣ ለ24 ሰዓት እንዲያድሉ የተስተካከሉ አሉ። ለአንድ ቤተሰብ ይተርፋል። እዚህ ግን ሰውየው በርገሩን በ20 ደቂቃ በልቶ ይወጣል፣ ቁጥሩ እስከ ነገ በስሙ ተይዞ ይውላል። ትናንት የገባ ስልክማ ባለቤቱ በበሩ ሲያልፍ ኪሱ ውስጥ ሆኖ ራሱ ይገናኝና አንድ ቁጥር ይዞ ይሄዳል። 51ኛው ሰው ምን ይድረሰው?

አንድ ቦታ ሥራ አስኪያጁ ራውተሩ ላይ «ምሳ ሰዓት አጥፍታችሁ አብሩ» ብሎ ለጥፎ አገኘሁ። «ደክሞት ነው፣ ሲያርፍ ይሠራል» አለኝ። ጠፍቶ ሲበራ የሚሠራው አርፎ ሳይሆን፣ ርካሽ ራውተር ሲጠፋ ለማን ምን እንደሰጠ ስለሚረሳ ነው። ከዚያ ያንኑ ቁጥር ለሁለት ስልክ ይሰጥና ሁለቱም ይቆራረጣሉ። ሌላ ቦታ ደግሞ እኔን ከመጥራታቸው በፊት የመስመሩን ፍጥነት በእጥፍ አስጨምረው ነበር። ገንዘባቸው ሄደ፣ ችግሩ እዚያው ነው።

ከመንካታችሁ በፊት የራውተሩን የተገናኞች ዝርዝር ክፈቱ። አሥር ሰው ተቀምጦ ዝርዝሩ ላይ 50 ካለ ሌላ ምርመራ አያሻም። በላፕቶፕ ከሆነ በ169.254 የሚጀምር ቁጥር ታያላችሁ፤ የሚሰጠው ሲያጣ ለራሱ ያወጣው ነው።

መፍትሄ፦ የኪራይ ጊዜውን፣ ማለትም አንድ ቁጥር ለአንድ ስልክ ተይዞ የሚቆይበትን (ብዙ ጊዜ 1440 ደቂቃ ተብሎ ነው የሚገኘው)፣ ወደ 60 ወይም 30 ደቂቃ አውርዱ። የተቀመጠ ሰው ስልኩ ራሱ ስለሚያድስ አይቋረጥበትም። ቀጥሎ የሚታደሉትን ቁጥሮች ክልል ከ20 እስከ 250 አስፉ፤ 231 ቁጥር ይሆናል። ካልበቃ ማስኩን (የኔትወርኩን ስፋት የሚወስነውን ቁጥር) 255.255.254.0 አድርጉና 510 አድራሻ ይኖራችኋል።

ተጠንቀቁ፦ ክልሉን ከማስፋታችሁ በፊት በእጅ ቁጥር የተሰጠው ዕቃ ካለ ጠይቁ። እኔ ሳልጠይቅ አሰፋሁ። የወጥ ቤቱ ትእዛዝ ማተሚያ 192.168.1.50 ላይ ነበር፣ አንድ ደንበኛ ስልክ ያንን ቁጥር ወሰደው። ካሸሩ ትእዛዝ ይልካል፣ ወጥ ቤት ወረቀት አይወጣም፤ ሰልፉ በሩ ላይ ደርሶ ጥብሱን የያዘው ልጅ እጁን አጣምሮ ቆሟል። ከዚያ ወዲህ የደንበኛ ኔትወርክ ከካሸርና ከማተሚያው ካልተለየ ሥራውን አልረከብም። የክፍያ ማሽን ከማያውቁት ሰው ስልክ ጋር አንድ ኔትወርክ ላይ ማዋል ድፍረት ነው።

ምልክት፦ ማይክሮዌቭ ሲበራ ይቆራረጣል

ማይክሮዌቩም ዋይፋዩም የሚሠሩበት ሞገድ 2.4 ጊጋኸርዝ አካባቢ ነው። ደንበኛውን ወደ 5 ጊጋኸርዝ አዙሩ። አክሰስ ፖይንቱ (ዋይፋዩን የሚረጨው ዕቃ) ጣሪያ ላይ፣ መመገቢያው በኩል ይሁን፤ ከብረት ፍሪጅ ጀርባ አትደብቁት።

ምልክት፦ ዋይፋዩ ሲገናኝ ስልኩ ላይ መከፈት ያለበት መግቢያ ገጽ አይመጣም

ደንበኛው ስልኩ ላይ ቪፒን (ግንኙነቱን በሌላ መንገድ የሚያዞር መተግበሪያ) ካበራ አስጠፉት።

ምልክት፦ ጣሪያ ላይ ያለው አክሰስ ፖይንት በየሰዓቱ ራሱን አጥፍቶ ያበራል

ኃይሉ በኔትወርክ ገመዱ የሚመጣ ከሆነ ገመዱን ጠርጥሩ። ሽቦውን በቢላ ፋቁት። ውስጡ ነጭ ከሆነ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው፤ ረዘም ሲል ኃይሉን መንገድ ላይ ይጨርሰዋል። ነጋዴው «ያው ነው» ይላችኋል። ያው አይደለም። ነቅላችሁ ንጹሕ መዳብ ዘርጉ፣ ከ100 ሜትር አታሳልፉት።