ሥጋ ሳይበሉ በጤና ክብደት መቀነስ

ሥጋ መተው ብቻውን አያከሳም። ሥጋው ከሳህኑ ሲነሳ ቦታውን የያዘው ምንድን ነው? ውጤቱን የሚወስነው ይኸ ነው። ብዙ ጊዜ የሚተካው ዳቦ፣ ፓስታ፣ ሩዝ፣ የተጠበሰ ድንችና አይብ ነው። ያን ጊዜ ፕሮቲኑ ያንሳል፣ ዘይቱ ይበዛል፣ ረሃቡም ቶሎ ይመጣል፤ ክብደቱም ባለበት ይቆማል ወይም ይጨምራል። ስለዚህ ዋናው ሥራ ሁለት ነው፦ ጥራጥሬንና ሌላ ፕሮቲን ያለበትን ምግብ አስቀድሞ ሳህኑ ላይ ማድረግ፣ ዘይትን ደግሞ በማንኪያ መለካት።

ነፍሰ ጡሮች፣ የሚያጠቡ እናቶች፣ ዕድሜያቸው ከ18 ዓመት በታች የሆኑ፣ የኩላሊት ሕመም ያለባቸውና ቀደም ሲል ራሳቸውን በማስራብ ወይም በልቶ በማስመለስ የተቸገሩ ሰዎች ይህን በራሳቸው አይጀምሩት። ኢንሱሊን ወይም ሌላ የስኳር መድኃኒት የሚወስድም ሰው አስቀድሞ ሐኪሙን ያነጋግር፤ ምግቡ ቀንሶ መድኃኒቱ ካልተስተካከለ ስኳሩ በአደገኛ ሁኔታ ሊወርድ ይችላል።

ስሌቱ

ሰውነት በቀን የሚያቃጥለውን ካሎሪ ለመገመት እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው የሚፍሊንና ሴንት ጆር ቀመር ይበቃል። ክብደትዎን በኪሎ በ10 ያባዙ፤ ቁመትዎን በሴንቲ ሜትር በ6.25 አባዝተው ይደምሩበት፤ ዕድሜዎን በ5 አባዝተው ይቀንሱ። ወንድ ከሆኑ 5 ይጨምሩ፣ ሴት ከሆኑ 161 ይቀንሱ። የተገኘው ሰውነት ተኝቶ ቢውል እንኳ የሚፈልገው ነው። ተቀምጦ የሚውል ሰው ይህን በ1.2፣ በሳምንት ጥቂት ቀን ቀለል ያለ ስፖርት የሚሠራ በ1.375 ያባዛዋል። ከተጠራጠሩ ዝቅተኛውን ይያዙ፤ ሰው የራሱን እንቅስቃሴ አብዝቶ መገመት ይወዳል።

የ35 ዓመት፣ 165 ሴንቲ ሜትር፣ 78 ኪሎ የሆነች ሴት ብትሆን 1,475 ይመጣል፤ በ1.375 ሲባዛ ወደ 2,030 ነው። ከዚህ 400 ካሎሪ ብትቀንስ በቀን 1,630 ይቀራታል። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ ወደ 7,700 ካሎሪ ስለሚይዝ በሳምንት 350 ግራም ገደማ ትቀንሳለች ማለት ነው። ያዘገማል፤ ግን የሚዘልቀው ይኸ ነው። በሳምንት ከክብደት 1 በመቶ በላይ መቀነስ ጡንቻን ይበላል፣ የሐሞት ጠጠርንም ሊያመጣ ይችላል። ሴቶች ከ1,200፣ ወንዶች ከ1,500 ካሎሪ በታች ያለ ሐኪም ክትትል አይውረዱ።

ዘይት

ሥጋ አልባ ወጥ ቤት ውስጥ ክብደትን የሚያበላሸው ከሁሉ በላይ ዘይት ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 14 ግራም ገደማ ይመዝናል፣ 120 ካሎሪም አለው። ከጠርሙሱ በዓይን ግምት ሲፈስ ሦስትና አራት ማንኪያ በቀላሉ ይገባል፤ ይህ ብቻውን ከላይ ያየነውን የ400 ካሎሪ ቅናሽ ያጠፋዋል። አትክልቱ ራሱ በ100 ግራም ከ20 እስከ 40 ካሎሪ ቢይዝ ነው፤ ሰው «አትክልት ብቻ በልቼ ወፈርኩ» ሲል የወፈረው በዘይቱ ነው።

ስለዚህ ሽንኩርቱን በውሃ ያብስሉት። ደቅቆ የተከተፈ ሽንኩርት በደረቅ ድስት መካከለኛ እሳት ላይ ይጣዱ፤ ትንሽ ጨው ጣል ሲያደርጉበት ውሃውን ያወጣል። መያዝ ሲጀምር ሁለት ማንኪያ ውሃ ጠብ እያደረጉ ለ10 ደቂቃ ያህል ያማስሉት፤ ነጭ ሽንኩርትና ቅመሙ ከዚያ ይገባል። ውሃውን በአንድ ጊዜ ካፈሰሱት ሽንኩርቱ ይቀቀልና ጣዕሙ ይጠፋል። ዘይቱን መጨረሻ ላይ ለአንድ ሰው አንድ ወይም ሁለት የሻይ ማንኪያ ለክተው ይጨምሩ። እስከነጭራሹ አይተዉት፤ ቫይታሚን ኤ፣ ዲ፣ ኢ እና ኬ ያለ ስብ በደንብ አይዋሃዱም፣ ምግቡም አያጠግብም።

በምድጃ መጋገር ከፈለጉ 400 ግራም አትክልት በሁለት የሻይ ማንኪያ ዘይት በእጅ አሽተው፣ ሳይደራረብ ዘርግተው በ200 ዲግሪ ከ25 እስከ 30 ደቂቃ ያቆዩት። ተደራርቦ ከገባ በእንፋሎት ይልፈሰፈሳል። ደበርጃንን ግን ዘይት ውስጥ መጥበስ አይመከርም፤ ያገኘውን ዘይት ሁሉ ይመጥጠዋል።

ፕሮቲን

ክብደት በሚቀንስበት ወቅት ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት ቢያንስ 1.2 ግራም ፕሮቲን ይፈለጋል፤ ክብደት የሚያነሳ ሰው እስከ 1.6 ቢያደርሰው መልካም ነው። ለ78 ኪሎ 94 ግራም ገደማ ይሆናል። ይህን በእራት ብቻ መሙላት ስለማይቻል በየማዕዱ ከ20 እስከ 30 ግራም ይከፋፍሉት።

የበሰለ ምስር በ100 ግራም 9 ግራም ፕሮቲንና 116 ካሎሪ አለው። የበሰለ ሽምብራም ፕሮቲኑ ያው ነው፣ ካሎሪው ግን 164 ነው። አንድ እንቁላል 6 ግራም ፕሮቲን፣ 70 ካሎሪ። ውሃው ተጠልሎ የወፈረና ስቡ የወጣለት እርጎ በ100 ግራም 10 ግራም ፕሮቲን በ60 ካሎሪ ብቻ ይሰጣል፤ ተራው እርጎ በዚያው ካሎሪ 3.5 ግራም ብቻ ነው። ጠንካራ ቶፉ (ከአኩሪ አተር ወተት የሚሠራ አይብ መሰል ምግብ) በ100 ግራም ከ12 እስከ 17 ግራም ፕሮቲን ይይዛል። ኦቾሎኒ የፕሮቲን ምግብ ተብሎ ይነገርለታል፣ ነገር ግን 30 ግራሙ 7 ግራም ፕሮቲን ሲሰጥ 170 ካሎሪ ያስከፍላል፤ ከመጠገቢያ ይልቅ እንደ ማጣፈጫ ይቁጠሩት። ጥራጥሬንና እህልን የግድ በአንድ ማዕድ ማቀናጀት አያስፈልግም፣ በቀኑ ውስጥ ሁለቱም ከተበሉ ይበቃል።

ደረቁንና የበሰለውን አያምታቱ። 100 ግራም ደረቅ ሩዝ 360 ካሎሪ አለው፤ ሲበስል ወደ 280 ግራም ይሆናል፣ የበሰለው 100 ግራም ደግሞ 130 ካሎሪ ነው። ደረቁን መዝኖ በበሰለው ቁጥር የሚያሰላ ሰው ከበላው ከግማሽ በላይ ሳይመዘግብ ይቀራል።

ሽምብራና ቦሎቄ ከ8 እስከ 12 ሰዓት ለሚደርስ ጊዜ ይዘፍዘፉ፤ የተዘፈዘፉበት ውሃ ይደፋ። ይህ ሆድ መንፋትን ይቀንሳል፣ ብረትና ዚንክ እንዳይዋሃዱ የሚይዘውን ፋይቴትም በከፊል ያወጣል። ቀይ ቦሎቄ ከሆነ በአዲስ ውሃ ቢያንስ 30 ደቂቃ በኃይል መፍላት አለበት፤ ጥሬው ውስጥ ያለው ሌክቲን የተባለ ንጥረ ነገር ትውከትና ተቅማጥ ያመጣል፣ በቀስታ ማብሰያ ዝቅተኛ ሙቀትም አይጠፋም። ጥራጥሬ ያልለመደ ሆድ በቀን ከሦስት አራት የሾርባ ማንኪያ ጀምሮ በየሳምንቱ ይጨምር። አሰር (ፋይበር) ሲበዛ ውሃም አብሮ መጨመር አለበት፣ አለዚያ ያደርቃል።

የአንድ ቀን ምግብ

ቁርስ 50 ግራም አጃ በ200 ሚሊ ሊትር ስቡ የቀነሰ ወተት፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ፣ አንድ ፖም፣ አንድ ቅቅል እንቁላል። ምሳ 200 ግራም የበሰለ ምስር፣ 150 ግራም የበሰለ ሩዝ፣ 200 ግራም የበሰለ ጎመን ወይም ቆስጣ፣ ሁለት የሻይ ማንኪያ ዘይት። ከሰዓት በኋላ 200 ግራም የተጠለለ እርጎ። እራት 150 ግራም ቶፉ፣ 250 ግራም ልዩ ልዩ አትክልት፣ 150 ግራም ቅቅል ድንች፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት። ሲደመር 1,650 ካሎሪ ገደማና ከ95 ግራም በላይ ፕሮቲን ነው። ተልባው ተፈጭቶ ካልተበላ አብዛኛው እንዳለ ያልፋል። እንቁላልና ወተት የማይነካ ሰው በአኩሪ አተር ወተትና እርጎ ይተካ፤ ስኳር ያልተጨመረበትና ካልሲየም የተጨመረበት ይሁን።

ከዚህ ውጪ ሳይታወቁ የሚገቡት ጭማቂ፣ ደረቅ ፍራፍሬ፣ ጠንካራ አይብ (30 ግራሙ 120 ካሎሪ) እና አቮካዶ (100 ግራሙ 160) ናቸው። አቮካዶ ጥሩ ምግብ ነው፣ ግን በልክ።

እንዳይጎድል

ቫይታሚን ቢ12 ላይ ድርድር የለም። ለአዋቂ ሰው በቀን 2.4 ማይክሮ ግራም ያስፈልገዋል፤ እንቁላልና ወተት የማይወስድ ሰው በእንክብል ወይም ቫይታሚኑ በተጨመረበት ምግብ ማግኘት አለበት። ስፒሩሊና የተባለው የውሃ አልጌ ዱቄት ይህን አይተካም። ጉበት ለዓመታት የሚሆን ክምችት ስላለው ጉድለቱ ዘግይቶ ይገለጣል፤ የእጅና የእግር መደንዘዝ ሲመጣ ነርቭ ተጎድቶ ሊሆን ይችላል።

የዕፅዋት ብረት ከሥጋው ያነሰ ይዋሃዳል። ምስሩ ላይ ሎሚ መጭመቅ ወይም ቲማቲምና ቃሪያ ማከል ያግዘዋል፤ ሻይና ቡና ስለሚከለክሉት ከምግቡ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይራቁ። የወር አበባ የሚበዛባቸው ሴቶች ብረታቸውን በደም ምርመራ ያስለኩ፣ ሳይመረመሩ ግን የብረት እንክብል አይውሰዱ። ለአዮዲን አዮዲን ያለው ጨው ይበቃል።

ሚዛኑ

ጠዋት ከሽንት በኋላ፣ ከምግብ በፊት ይመዘኑ፤ የሰባት ቀኑን አማካይ ካለፈው ሳምንት አማካይ ጋር ያስተያዩ። በመጀመሪያው ሳምንት የሚወርደው ባብዛኛው ውሃ ነው፣ ሰውነት ያጠራቀመው ግላይኮጅን የተባለ ስኳር በአንድ ግራም ወደ 3 ግራም ውሃ ይዞ ስለሚወጣ። ሁለተኛው ሳምንት ላይ ሲያዘግም ተስፋ የሚቆርጡት ይህን የማያውቁ ናቸው። በወር አበባ ሰሞንም ውሃ ይያዛል፤ ሴቶች ከወር ወር ቢያነጻጽሩ ይሻላል።

በሳምንት ሁለት ቀን ጡንቻን የሚያሠራ እንቅስቃሴ፣ ማለትም ቁጭ ብድግ፣ ፑሽ አፕ ወይም ክብደት ማንሳት ያስፈልጋል፤ ያለዚያ ከሚቀንሰው ክብደት ውስጥ የጡንቻው ድርሻ ይበዛል። ከዚህ ሌላ በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ ይጨምሩ።

አማካዩ ለአራት ሳምንት ካልተንቀሳቀሰ መጀመሪያ ዘይቱን፣ ከዚያ ኦቾሎኒና አይቡን አንድ ሳምንት በትክክል ይመዝኑ፤ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ እዚያ ይገኛል። ካልተገኘ ከሩዙ ወይም ከዳቦው 100 ካሎሪ ያህል ይቀንሱ፣ ከጥራጥሬው ግን አይንኩ። በየ5 ኪሎው ቅናሽ ስሌቱን እንደገና ይሥሩ፤ የቀለለ ሰውነት የሚያቃጥለውም ያንሳል። የወር አበባ ከቆመ፣ ጸጉር በብዛት ከረገፈ፣ ወይም ሲነሱ ራስ የሚያዞር ከሆነ መቀነሱን አቁመው ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።